የናፍጣ ሽታ

እ... እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሌላ ነገር ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። አባዬ በመጨረሻ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ውስጥ ገባ። ስንት ወር "አልገባም" እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ።

ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ጠበቀ። "አስነሺያ" አለኝ። "ተነስታለች እኮ አባዬ።" ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠጋ። ሠላሳ ዓመት ከጂቡቲ ቦቴ የነዳ ሰው፣ ሞተር ምን እንዳመመው ከድምፁ የሚያውቅ ሰው፣ የሚሰማው ነገር አጣ።

እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ አፌ አላርፍ አለ። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል የተከራከርነውን ሁሉ እንደገና አነሳሁበት። ነዳጁ በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ያውም በዶላር። ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ እኛ ማደያ ላይ ዋጋ ይጨምራል። መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው፤ ህዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት! አልኩት። አሁንም አምንበታለሁ።

ከዚያ ማደያው ጋ ደረስን። ሰልፉ... ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ አደባባዩን ዞሮ ሄዷል። አንድ ቦቴ ገብቶ እያራገፈ ነው። "አቁሚ" አለኝ፤ አቆምኩ። ወርዶ ሄደ። ሾፌሩን አያውቀውም፣ ግን ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ። ከዚያ እያወራ መዳፉን ቦቴው ሆድ ላይ አሳረፈ። እንዴት እንደሆነ ባሳያችሁ... ቀስ አድርጎ፣ ላሙን እንደሚዳብስ ሰው። እጁን ሳያነሳ ቆየ።

ሲመለስ መኪናው ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ልጅ ሆነን አባዬ መጣ ማለት ያ ሽታ ነበር፤ በሩን ሳይከፍት እናውቃለን። "ምን አለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ጋላፊ ሁለት ሌሊት አድሯል" አለ፤ የጂቡቲ ድንበር ላይ ማለት ነው። እስከ ቤት ሌላ ቃል አልወጣውም።

"ከውጭ የሚመጣ፣ ከውጭ የሚመጣ" ስለው... ያመጣው እሱ ነዋ! እኔን ያስተማረኝ ያ ናፍጣ ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር ጠልቶ እንዳይመስላችሁ። በ2001 የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀምር፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10፣ ሰፈሩ ሁሉ "ሞተር ያበላሻል" ሲል የሚሟገትለት እሱ ነበር። ከስኳር ከሚተርፈው ሞላሰስ የሚወጣ፣ "የአገር ቤት ነዳጅ" እያለ። ባቡሩንስ ብትሉ? ከጂቡቲ በኤሌክትሪክ ይመጣል፣ ከጎኑ ቦቴዎቹ ነዳጅ ለማምጣት ነዳጅ ያቃጥላሉ... እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ግን የሚያናድደኝ፣ እውነት የሚያናድደኝ፣ እነዚያ ሰልፍ ላይ የቆሙት። እኔ ግቢ አለኝ፣ ሌሊት ሰክቼ እተኛለሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ገመዱን በየት ያውርደው? ሰው የሚሄደው በሚኒባስና በአውቶቡስ ነው። እነሱ ካልተቀየሩ የእኔ አንዲት መኪና ከዶላሩ ላይ ምን ትቀንሳለች? ወይም ደግሞ... ከሆነ ቦታ መጀመር አለበት ይባላል። ምናልባት። እኔ እንጃ።

ትናንት ማታ ደወለ። "አዋሽ ድረስ ትሄዳለች?" አለኝ። እነ ጓደኞቹ ምሳ የሚበሉበትን ቤት ሊያሳየኝ። "ትሄዳለች" አልኩ። ትደርሳለችም፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው። መመለሻውን ነው እንጂ... ካርታ ከፍቼ ቻርጅ የሚደረግበት ስፈልግ አመሸሁ። የዚያን መንገድ ማረፊያ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም፤ እሱን ልጠይቀው አስቤ ነበር። ግን "የት እንሰካለን?" ብዬ ስጠይቀው ያን ዝምታ እንደገና...