ኮዱ ክፍት፣ መገንቢያው ዝግ፦ ፋየርዎልን በራስ ስለመገንባት

በድሬዳዋ ለኔትወርክ ባለሙያዎችና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቻችን፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰክቶ ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ የተባሉትን የፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ሶፍትዌሮች መጫን ከሳቢያን እስከ ከዚራ ለሚሠራ ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን ከመጫን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሶፍትዌሩን ለራስ እንዲስማማ ቀይሮ እንደገና መገንባት።

አንድ ፋየርዎል ክፍት ነው ሲባል ብዙዎቻችን ኮዱን ማውረድ መቻሉን ብቻ አይተን እንረካለን። ግን እዚያ ውስጥ ያለው የድረ ገጹ ኮድ ብቻ አይደለም። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሥርዓተ ክወና ከርነል (እምብርት) አለ፤ በከርነሉ ላይ የተለጠፉ ፓቾች (ማስተካከያዎች) አሉ፤ በየትኛው አማራጭ እንደተገነቡ መታወቅ ያለባቸው ፓኬጆች (የተዘጋጁ የፕሮግራም ጥቅሎች) አሉ። ሁሉንም በቅደም ተከተል አያይዞ የሚነሳ ምስል (ማሽን ላይ የሚጫን ሙሉ ፋይል) የሚያወጣው ደግሞ የመገንቢያ ስክሪፕቱ ነው። እሱን ያስቀረ ዱቄቱን ሰጥቶ ምጣዱን ከልክሏል።

ይህ በእውን ደርሷል። ፒኤፍሴንስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሞኖዎል ከተባለ ቀደምት ፋየርዎል የተገነጠለ ፕሮጀክት ነው። በ2014 የመገንቢያ መሣሪያዎቹ ማከማቻ ለሁሉም መሆኑ ቀርቶ ስምምነት ለፈረመ ብቻ ሆነ። በጥር 2015 ኦፒኤንሴንስ ከነመገንቢያው ክፍት ሆኖ ወጣ፤ በቀጣዩ ወር ሞኖዎል ሲዘጋም መሥራቹ ማኑኤል ካስፐር ተጠቃሚዎቹን ወደዚያው መራ። ፒኤፍሴንስን መውቀስ አያስፈልግም፤ በ2016 ወደ አፓቺ የክፍት ኮድ ፈቃድ ተሻግሯል፣ ዛሬ ስክሪፕቶቹም በዋናው ኮድ ውስጥ ይገኛሉ። በ2021 የወጣው ፕላስ የተባለው እትም ግን ክፍት ኮድ አይደለም። የአፓቺ ፈቃድም ቢሆን የንግድ ስሙን አይሰጣችሁም፤ ቀይራችሁ ለደንበኛ የምታስረክቡ ከሆነ ስሙንም አርማውንም አውጥታችሁ በራሳችሁ ተኩ።

ስለዚህ የሚቀጥለው በኦፒኤንሴንስ ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ሙሉ ግንባታ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል? አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ትእዛዝ እንዲሠራ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ስክሪፕቱን በሲስሁክ ማውጫ ውስጥ ስታርት በሚባለው ሥር አኑሩ፤ የማስኬጃ ፈቃድ መስጠትን አትርሱ። የድረ ገጹን ገጽታ ወይም የኋላውን ኮድ መቀየር ካሻችሁ ደግሞ ኦፒኤንሴንስ ኮድ በሚባለው ትእዛዝ ኮርን (የኦፒኤንሴንስን ዋና ኮድ) አውርዳችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ እዚያው ማውጫ ውስጥ ሜክ አፕግሬድ በሉ። አዲስ ፓኬጅ ሠርቶ ይጭነዋል። ሙሉ ግንባታ የሚያስፈልገው ከርነሉን ስትነኩ፣ ወይም ለብዙ ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ምስል ስታዘጋጁ ነው።

መገንቢያ ማሽኑ ከምትገነቡት እትም ጋር የሚዛመድ ፍሪቢኤስዲ ይኑረው። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት ዲስክ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን 16 እና 100 እንድትይዙ እንመክራለን። የፋይል ሥርዓቱ ዩኤፍኤስ ይሁን፤ ዜድኤፍኤስ ለካሽ ብዙ ራም ስለሚወስድ በትንሽ ማሽን ላይ ግንባታውን ያንቃል። በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው መለያ) ገብታችሁ ቱልስ የተባለውን ማከማቻ በጊት (በኮድ ማውረጃና መከታተያ መሣሪያው) ወደ ዩኤስአር ማውጫ አውርዱ፣ ከዚያ ሜክ አፕዴት በሉ፤ የቀሩትን አራት ማከማቻዎች፣ ማለትም ኤስአርሲ (የሥርዓተ ክወናው ምንጭ ኮድ)፣ ፖርትስ (የተጨማሪ ፕሮግራሞች መገንቢያ)፣ ኮርና ፕለጊንስን ራሱ ያመጣቸዋል። ስክሪን ላለው ማሽን ሜክ ቪጂኤ፣ ስክሪን ለሌለው ሜክ ሲሪያል፣ ለሜሞሪ ካርድ ሜክ ናኖ ነው።

የሚያስጨንቀው ፖርትስ ነው። ከምንጭ ሲገነባ ሰዓታት ይወስዳል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ መብራትም ኢንተርኔትም ያን ያህል ላይጠብቁ ይችላሉ። መውጫው ሜክ ፕሪፌች ነው፤ እናንተ ያልነካችሁትን ቤዝ (ከከርነሉ ውጭ ያለውን የሥርዓተ ክወናው መሠረት)፣ ከርነልና ፓኬጆች ተገንብተው ያለቁትን ከእትም ቁጥራቸው ጋር ጠርታችሁ ታወርዳላችሁ፣ የምትገነቡት የቀየራችሁትን ብቻ ይሆናል። ሁሉንም ከምንጭ ካላደረግሁ የሚል ካለ መብቱ ነው፤ ዩፒኤሱን ግን ይያዝ።

ግንባታው መሃል ላይ ያለ ግልጽ ምክንያት ቢቋረጥ ወደ ኮዱ አትሩጡ። መጀመሪያ ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትእዛዝ) እዩ። ሲስተሙ ራም አልቆበት አንድ ሂደት እንደገደለ የሚናገር መስመር ካለ ጥፋቱ የኮድ ሳይሆን የራም ነው፤ ስዋፕ (በዲስክ ላይ ያለ የራም ማካካሻ) ጨምሩ፣ ወይም በአንድ ጊዜ የሚሄዱትን ሥራዎች ቀንሱ። መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ሰዓቱን ተመልከቱ። በአሮጌ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ማሽኑ ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ ይነሳል። ያን ጊዜ ጊት ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም ብሎ አላወርድም ይላል፤ ሜክም የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ የሚያውቀው በሰዓት ስለሆነ መገንባት ያለበትን ዘሎ ያልፋል። ሰዓቱን ሳታስተካክሉ ምንም አትጀምሩ። ሙቀትም አለ፤ ማራገቢያ የሌላትን ትንሽ ሳጥን በግንቦት ቀትር ለግንባታ አትጠቀሙባት፤ ሲፒዩው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማታ ይሻላል።

ከርነልን ከአንድ እትም፣ ቤዝን ከሌላ እትም ማጋባት የተለመደ ጥፋት ነው። የፋየርዎሉን ሕጎች የሚጭነው ትእዛዝ፣ ፒኤፍሲቲኤል፣ የቤዝ አካል ሲሆን ከከርነሉ ጋር የሚነጋገርበት መዋቅር በየእትሙ ይለዋወጣል። ካልተጣጣሙ ማሽኑ በደህና ይነሳል፣ ድረ ገጹም ይከፈታል፣ ሕጎቹ ግን አይጫኑም። ስለዚህ ድረ ገጹ ተከፈተ ብላችሁ አትመኑ፤ በኮንሶል ፒኤፍሲቲኤልን በኤስ አርና በኤስ አይ አማራጮች ጠርታችሁ ሕጎቹ መጫናቸውንና ፒኤፍ (ሕጎቹን የሚያስፈጽመው የከርነሉ ክፍል) መሥራቱን በዓይናችሁ እዩ።

ምስሉን ስታዘጋጁ በኮር ውስጥ ያለውን የመነሻ ኮንፊግ ፋይል ቀይሩት። በተለይ ላኑን (የውስጥ ኔትወርኩን አድራሻ)። መነሻው 192.168.1.1 ነው፤ ብዙ ሞደሞችም ይህንኑ አድራሻ ይዘው ይመጣሉ። ዋኑ (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር) እና ላኑ አንድ ኔትወርክ ላይ ሲወድቁ ኢንተርኔት አይሠራም፣ ሰውም ካርዱን ሲቀያይር ይውላል። ላኑን 10.20.30.1 አድርጉት፤ የሰዓት ቀጠናውንም አዲስ አበባ በሉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው። የራሳችሁን ኮር ጭናችሁ ከሄዳችሁ በኋላ የቢሮው ሠራተኛ አፕዴት የሚለውን ሲጫን ከዋናው ማከማቻ የሚመጣው ፓኬጅ የእናንተን ይተካዋል፤ ሥራችሁ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ለአንድ ማሽን ከሆነ በፈርምዌር ገጽ ላይ ፓኬጁን ቆልፉት፤ ቁልፉ ግን የደህንነት ማስተካከያንም ስለሚያስቀር ቀን ቆርጣችሁ እንደገና ገንቡ። ለብዙ ማሽን የራሳችሁን ማከማቻ አቁሙ፣ ፓኬጆቹንም በራሳችሁ ቁልፍ ፈርሙ፤ የቁልፉን አሻራ በየፋየርዎሉ ታማኝ ማውጫ ውስጥ ታስገባላችሁ። የግል ቁልፉ ፋየርዎሉ ላይ አይቀመጥም። በተመሰጠረ ፍላሽ፣ ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ከጠፋ በየቅርንጫፉ እየዞራችሁ አዲስ አሻራ ማስገባት ነው የሚቀራችሁ።

መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው፤ መገንቢያ ማሽኑም እዚሁ በርቷልና ሎጉን ማየት የምትፈልጉ ቅረቡ።