ከአስፋልቱ ውረዱ
በደብረ ማርቆስ ለተማሪዎች የእግር ጉዞ ክበብ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ጎጃም ጫካና ወንዝ፣ በእግር ብቻ ስለሚደረስበት አገር ንገረን ብለውኛል። የሰጡኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ለጎጃም ሰው ሃያ ደቂቃ ለሰላምታም አይበቃም። ቢሆንም እሞክራለሁ።

አብዛኞቻችሁ ጎጃምን የምታውቁት በመኪና መስኮት ነው። ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። የሚታየው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ እንግዳ ይህን ሁሉ አልፎ «ጎጃም ጫካ የላትም» ቢል አልፈርድበትም። መንገድ የሚሠራ ሰው ሜዳ ይመርጣል። ሜዳውን ደግሞ በሬ ቀድሞታል። ጫካ የተረፈው ሞፈር ያልደረሰበት፣ ወይም እንዳይደርስ የተከለከለበት ቦታ ነው። እዚያ የሚወስዳችሁ ደግሞ የእግር መንገድ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ውጡ። ጫፉ ወደ 4100 ሜትር ይጠጋል። መጀመሪያ ገብስና ድንች ታያላችሁ። ከፍ ስትሉ አምጃና አስታ የሚባሉትን ቁጥቋጦዎች፣ ከዚያ የጓሳ ሣር፣ ከዚያ ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክል። ጅብራ ብዙ ዓመት ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ጉም ውስጥ ቆሞ ስታዩት ሰው መስሏችሁ «እንደምን ዋሉ» ብትሉት አትፈሩ፤ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ግን ላታልላችሁ አልፈልግም። ጮቄ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን አትጠብቁ። ቁልቁለቱ እስከ ላይኛው ድረስ ታርሷል። ኮሶ ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ።

የጮቄ ሀብቱ ውሃው ነው። ሙጋ፣ ሱሓ፣ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ፣ ሌሎችም ብዙ ናቸው። ከአንድ አናት ተነስተው እንደ ጃንጥላ ሽቦ በየአቅጣጫው ይወርዳሉ። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው፣ አባይ። አባይ ጎጃምን በምሥራቅም፣ በደቡብም፣ በምዕራብም ዞሯታል። በየትኛውም በኩል ውረዱ፣ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ምክንያቱም የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። በፊልምም በኢንተርኔትም አንድ ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ጫካ ውስጥ ከጠፋህ ወንዙን ተከትለህ ውረድ፣ መንደር ታገኛለህ ይላል። ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ይህን ምክር የተከተለ ሰው የሚያገኘው አባይ በረሃን ነው። የእኛ ሰው የሰፈረው ከላይ፣ ደጋና ወይና ደጋው ላይ ነው። ወንዙ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ሰው እየሳሳ ይሄዳል። ገደሉ ይጠብባል፣ ፏፏቴ መንገድ ይቆርጣል። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ባለው ድልድይ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። ከአፋፉ እስከ ውሃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ታች ሙቀት አለ፣ ወባ አለ። ወርዶ የደከመ ሰው ደግሞ ያንኑ መልሶ መውጣት አለበት።

ስለዚህ ከጠፋችሁ ወደ ላይ ውጡ። አፋፉን ያዙ። ከዚያ ዙሪያውን ተመልከቱ። የባሕር ዛፍ ረድፍ ካያችሁ ቤት አለ። ክብ ሆኖ የጠቆረ ዛፍ ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጭስ ካያችሁ ቡናም ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ውጭ አገር የእግር ተጓዥ መንገድ ሲባል ቀለም የተቀባ ድንጋይ፣ ቀስት የተሳለበት ሰሌዳ፣ ካርታ ያለው በራሪ ወረቀት ነው። የእኛ መንገድ እንዲህ አይደለም። የእኛን የእግር መንገድ የጠረገውና የሚጠብቀው ገበያና ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ገበያ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ይሞላል። አህያው፣ ጤፉ፣ ዶሮው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ያን ቀን መሪ አያስፈልጋችሁም። ማክሰኞ ዕለት በዚያው መንገድ ብትሄዱ ግን መንታ መንገድ ላይ ቆማችሁ ግራ ትጋባላችሁ። ጉዞ ስታቅዱ መጀመሪያ የምታዩት የአየር ትንበያ ሳይሆን የገበያ ቀን ይሁን።

አጠያየቅም ሙያ ነው። «ሞጣ በዚህ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው እንግዳ ማሳፈር ስለማይወድ «አዎ» ይላችኋል። «ወደ ሞጣ የሚወስደው የትኛው ነው?» በሉ። «ሩቅ ነው?» ማለትም አይጠቅምም። «እዚህች ናት» የተባለች ቦታ ግማሽ ቀን ያስሄደችው ሰው ያውቀዋል። «እናንተ ጠዋት ከዚህ ብትነሱ ፀሐይ የት ስትደርስ ትገባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ እናንተ ከተማ ያደጋችሁ ስለሆናችሁ እጥፍ አድርጉት።

ይህ የገበያ መንገድ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ ይውረድ። ድልድዩ በአጼ ፋሲል ዘመን አባይ ላይ የተሠራ ነው፤ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኛል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። በወዲህና በወዲያ ቆመው በገመድ እየተሳሳቡ አባይን ተሻገሩ። ሰው ተንጠልጥሎ ተሻገረ፣ ዕቃ ተንጠልጥሎ ተሻገረ። ይህ የአንድ ክረምት ታሪክ አይደለም፤ ስልሳ ዓመት ያህል እንዲሁ ኖሩ። አንድ አሜሪካዊ ይህን ፎቶ በመጽሔት አይቶ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 መሐሉ በብረት ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ጎርፉ የማይደርስበት ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እኔን የሚገርመኝ ብረቱ አይደለም። ድልድዩ ተሰብሮ በነበረበት ዘመን ሁሉ መንገዱ ሣር አለማብቀሉ ነው።

ሌላም ምስክር አለ። በአምስቱ ዓመት ጣሊያን የያዘው መኪና የሚሄድበትን መንገድና ከተማውን ነበር። የእግር መንገዱን የያዘው አርበኛው ነው። በላይ ዘለቀ በአባይ በረሃ ያን ያህል ጊዜ ጠላትን ያስቸገረው መሻገሪያውንና ዋሻውን ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኡም ኢድላ ላይ ከሱዳን ሲገቡ ያመሩት ወደ በላያ ተራራ ነበር። ቆላውን በሽመል ቀርቀሃና በቁጥቋጦ መካከል አቋርጠው ነው የመጡት። ከሱዳን የተነሱት ግመሎች አብዛኞቹ ያን ዳገት አልቻሉትም፤ አለቁ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እዚህ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በምዕራብ በኩል በዚያ መንገድ ልሂድ የሚል ካለ ግን ብቻውን አይሞክረው።

ስለ ጫካው ልናገር። ጎጃም ውስጥ የጥንቱን ዛፍ ማየት የሚፈልግ ሰው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይግባ። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ አንድ ላይ ቆመው ታገኛላችሁ። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ የታረሰ መሬት ነው። አንዳንዱ አጥቢያ ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን በድንጋይ አጥሯል። በጣና ዳር ያለው ዘጌም እንዲሁ ነው። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል፤ ገዳማቱ ጫካው ውስጥ ናቸው። እዚያ ስትገቡ ግን የራሳችሁ መናፈሻ አይደለም። መጀመሪያ አገልጋዩን ፈልጉ፣ አስፈቅዱ። ጭራሮ እንኳ አትስበሩ። ስፒከራችሁን ቤት ተዉት። ይህን የምለው አንዳንድ ወጣት ተጓዦች ገዳም ደጃፍ ላይ ሙዚቃ ከፍተው ስላየሁ ነው። ያሳፍራል።

ወደ አዊ በኩል የሄደ ደግሞ ሌላ አገር ያያል። እንጅባራ አካባቢ ቀርቀሃ አለ፣ ፈረስ አለ። ዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። ፋግታ ለኮማ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ግን ጫካ እንዳይመስላችሁ። ገበሬው ለከሰል የተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው። አይናቅም፤ ብዙ ቤት ቆሞበታል።

የአባይ ምንጭ የሆነውን ግሽ ዓባይን ዘልዬ ብሄድ ሰከላ የተወለዳችሁ አታስወጡኝም። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ምንጩን አይተው አውሮፓ ዜና አድርጎታል። ለሰከላ ሰው ዜና አልነበረም፤ ጸበሉ ነው። ብዙ ጎብኚ ትልቅ ነገር ጠብቆ ይሄድና ትንሽ ምንጭ አይቶ ቅር ይለዋል። እኔ የምመክረው ምንጩ ላይ ፎቶ አንስቶ መመለስን አይደለም። ግልገል አባይን ይዛችሁ ወደ ጣና አቅጣጫ የአንድ ቀን መንገድ ሂዱ። በሜዳ የሚሄደው ይህ ወንዝ ነውና የቅድሙን ማስጠንቀቂያ እዚህ ላላ ማድረግ ይቻላል።

ጢስ ዓባይን የምትሄዱ ደግሞ ወቅቱን ምረጡ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ገደሉ ራቁቱን ሊያገኛችሁ ይችላል። አላታ ድልድይን ግን በየትኛውም ወቅት እዩት፤ በአጼ ሱስንዮስ ጊዜ የተሠራ ነው።

ስለ ጊዜ ካነሳሁ አይቀር፣ ኅዳርና ታኅሣሥን ምረጡ። ጭቃው ደርቋል፣ ወንዙ ጠርቷል፣ አውድማው ላይ ሰው አለ። መስከረም ያምራል፤ ግን ዋልካው ጫማችሁን ያስቀርባችኋል። በክረምት ወንዝ ከሰዓት በኋላ አትሻገሩ። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢሆንም ጮቄ ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በሶ ወይም ቆሎ ያዙ፣ ዱላ ያዙ፣ ለጮቄ ሌሊት ጋቢ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ እዚያ ያለ ሰው ዘንድ ደውሉ። አካባቢው ሰላም ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው ጀግና አይባልም። «አትምጡ» ከተባላችሁ ቅሩ። ጮቄ የትም አይሄድም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከኋላ በኩል ወረቀት እየታደለ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእናርጅ እናውጋ፣ ከማቻከል፣ ከቋሪት፣ ከሰከላ፣ ከጎንቻ የመጣችሁ አላችሁ። እያንዳንዳችሁ ወላጆቻችሁ በእግር የሚሄዱበትን ገበያ፣ ቀኑን፣ በመንገዱ ላይ ያለውን ወንዝና በክረምት በየት በኩል እንደሚሻገሩት ጻፉ። የማታውቁ ዛሬ ማታ ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። ክበቡ ከዚያ ላይ የመጀመሪያውን ጉዞ ይመርጣል። ወረቀቱን ስትወጡ በሩ ላይ ላሉት ልጆች ስጡ። አመሰግናለሁ።