የሞት ምስክር ወረቀት አለዎት?

እሺ፣ ዛሬ ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን ርዕስ ነበር የማነሳው። አልሆነልኝም። ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እህቴን ታውቋታላችሁ። ባሏ ከታመመ በኋላ የቤት ብድራቸው ኢንሹራንስ ጋ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋዋለች። ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ናት። ስም ጠየቀች፣ የውል ቁጥር ጠየቀች። ከዚያ «የሞት ምስክር ወረቀት አለዎት?» አለች። እህቴ ዝም። ባሏ እኮ ቀጣዩ ክፍል ተኝቷል! በሩ ገርበብ ብሏል። ይስማ አይስማ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም። «አይ፣ በሕይወት አለ። ታሞ ነው፣ መሥራት አልቻለም» አለች ቀስ ብላ። ልጅቷም «እንግዲያው ይሄ ውል አይከፍልም» አለች።

እህቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይቅርታ።» ማንን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ባሏ ስላልሞተ ነው? እሱ ነው የሚያበግነኝ።

ልጅቷ ግን ልክ ናት። የፈረሙት ለቤት ብድሩ የሚገባውን የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። ተበዳሪው ሲሞት ዕዳውን ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ዕዳው በቀነሰ ቁጥር የሚከፍለውም አብሮ ይቀንሳል። እህቴ በልቧ የያዘችው ሌላውን ነው፣ የክፍያ ዋስትናውን፣ ፒፒአይ የሚሉትን። እሱ ስትታመሙ፣ አደጋ ሲደርስባችሁ ወይም ከሥራ ስትቀነሱ ወርሃዊውን ክፍያ ይከፍልላችኋል። ዕዳውን አይዘጋም። አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ከፍሎ ያቆማል፣ አንዳንዱ 24። የመጠበቂያ ጊዜም አለው፣ በታመሙ ማግስት አይጀምርም።

እና «እሱን ቢገዙ ኖሮ» ልል ስል ብሪታንያ ትዝ ትለኛለች። እዚያ ባንኮች ይሄንኑ ፒፒአይ ለማይጠቅመው ሰው ሁሉ ሸጡት። የግል ሥራ ላለው፣ ድሮም ሕመም ላለበት። ሰዎቹ ክፈሉን ሲሉ ውሉ አይሸፍናችሁም ተባሉ። ሳያውቁት ብድራቸው ላይ የተደመረባቸውም ነበሩ። ፕሌቪን የሚባሉ ሴት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ለኢንሹራንሱ ከከፈሉት ገንዘብ (አረቦን) 71.8 በመቶው ኮሚሽን ነው፣ ያውም ሳይነገራቸው! ሴትዮዋ የገዙት ታዲያ ምኑን ነው? ባንኮቹ በኋላ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ከፈሉ። ቤቱን በዚያ መሐል ያጣ ሰው ካሳው ሲመጣ ምን አለ ይሆን...

ወደ እህቴ ልመለስ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ «ያኛውንስ ብንገዛ ኖሮ? እሱም ለአንድ ዓመት ነው። ሐኪሙ ያለን ሁለት ዓመት ነው» አለችኝ። ምን ልበላት? የገቢ ዋስትና የሚባል አለ፣ መሥራት ላልቻለ ሰው እስከ ጡረታ ሊከፍል የሚችል። አረቦኑ ግን ይከብዳል። ደግሞ አሁን ታሟል፣ ማን ያስገባዋል?

ስለዚህ ሁሉንም ግዙ ልላችሁ ነበር፣ አሁን ስናገረው ግን... ቆይ። ብድሩ በሁለት ስም ነው። ሠርታ የምትከፍለው እሷ ብቻ ቀርታለች። እሷ ብትታመምስ? ይሄን ገና አላነሳሁባትም። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ግን ይሄ ሁሉ ላይዋ ላይ እያለ ሌላ ጭንቀት... እንጃ። ምናልባት መጀመሪያ ውሉን ተቀብዬ እኔው ላንብብላት፣ ምናልባት የእሷ ስም...