ምን ይመለሳል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚጀምር ሰው ፈንክሽንም (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ዲክሽነሪም ለየብቻቸው ብዙ አያስቸግሩም። ስም ትሰጣላችሁ፣ ቅንፍ ውስጥ የሚቀበለውን ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ዲክሽነሪውም ያው ኪይና ቫልዩ ነው፤ ኪዩን ትሰጡታላችሁ፣ ቫልዩውን ይሰጣችኋል። ጉዱ የሚወጣው ሁለቱን አንድ ላይ ማሠራት ሲጀመር ነው።

እኔ የምወዳት አንዲት ልምምድ አለች። ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር ፈንክሽን መጻፍ። ስፕሊት ቃላቱን ይለያያል፣ ፎር ሉፕ አንድ በአንድ ይሄድባቸዋል። ዲክሽነሪው ውስጥ ቃሉ ኪይ፣ ቁጥሩ ቫልዩ ይሆናል፤ ቃሉ በመጣ ቁጥር 1 መደመር ነው። ግን የመጀመሪያው ቃል ሲመጣ ዲክሽነሪው ባዶ ነው። ምን ላይ ይደመር? ፓይተን ኪይ ኤረር፣ ማለትም «ይህ ኪይ የለም» ብሎ ቀጥ ይላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው መልስ ፍለጋ ይሮጣል። ባይሮጥ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ በኢፍ «ቃሉ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮዱ ረዘም ይላል፣ ግን የሚሆነው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ከዲክሽነሪው ቫልዩ የሚያወጣላችሁን ጌትን ሞክሩ። ቃሉንና 0ን ስትሰጡት፣ ቃሉ ከሌለ 0 ይመልስላችኋል። 0ዋን ከረሳችኋት ግን የሚመልሰው ኖን፣ ማለትም «ምንም» ነው፤ ኖን ላይ ደግሞ 1 አይደመርም። ካውንተር የሚባል ይህንኑ የሚሠራ ዝግጁ ነገር ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። እሱን መጨረሻ ላይ አቆዩት፣ ልምምዱን ይበላባችኋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ይብሳል፣ ምክንያቱም ወጥመድ አይመስልም። ፈንክሽኑን በፕሪንት ትጨርሱታላችሁ። ቃላቱ ከነቁጥራቸው ስክሪኑ ላይ ድርድር ይላሉ። ሠራ! ከዚያ ውጤቱን ተቀብሎ በብዛት የመጣውን ቃል የሚፈልግ ሌላ ፈንክሽን ስትጽፉ፣ የሚደርሰው ኖን ነው። ሪተርን፣ ማለትም «ይህን መልስ» የሚለው ትእዛዝ፣ ያልተጻፈበት ፈንክሽን ሌላ የሚመልሰው የለውም። ፕሪንት ለእኛ ዓይን ነው። የሚቀጥለው ኮድ ዓይን የለውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ፕሮግራም መጻፍ የሚጀመረው አንዱ የመለሰውን ሌላው ሲቀበል ነው።

በነገራችን ላይ፣ መመለስ ድሮም ራስ ምታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ካምብሪጅ ውስጥ ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር፣ ንዑስ ፕሮግራምን (የዛሬውን ፈንክሽን መሰል) ወደተጠራበት ቦታ የሚመልስ ትእዛዝ አልነበረውም። እዚያው ይሠራ የነበረው ዴቪድ ዊለር ዘዴ ፈጠረለት፤ ንዑስ ፕሮግራሙ የመመለሻ ትእዛዙን መጨረሻው ላይ ራሱ እንዲጽፍ አደረገ። ያኔ የሚያስጨንቀው የሚመለሰው ዋጋ ሳይሆን የሚመለሱበት ቦታ ነበር። እኛ ሪተርን ብለን እናልፋለን።

ስትለማመዱ ኮዱን ከማስኬዳችሁ በፊት የሚመለሰውን ወረቀት ላይ ጻፉት። ባዶ ዓረፍተ ነገር ብትሰጡትስ? ባዶ ዲክሽነሪ ይመጣል፣ ኤረር የለም። ያንኑ ባዶ ዲክሽነሪ ትልቁን ለሚፈልገው ማክስ ስትሰጡት ግን ቫልዩ ኤረር ይላችኋል። ይህን አስቀድሞ የገመተ ሰው ካለ፣ በርታ ብያለሁ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ዲክሽነሪውን ገልብጡት። ቁጥሩ ኪይ፣ ቃሉ ቫልዩ ይሁን። ሁለት ቃላት እኩል 3 ጊዜ ከመጡ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል። ሁለቱንም የሚያቆይ ፈንክሽን ጻፉ። ብዙ ነገር በተራ የሚይዝ ሊስት ያስፈልጋችኋል። ቻው!