ድጋሚው ይቆጠር
(የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ወደ ክሊኒክ ልምምድ በሚገቡበት ዕለት ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሐይቅም ከኮምቦልቻም ከወረኢሉም ልጆቻችሁን ልታዩ የመጣችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ ርዕሴ «የጥርስ ራጅ መርሆዎችና የጨረራ ደህንነት» ተብሎ ተጽፏል፤ የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው። በሃያ ደቂቃ እንደማያልቅ ዲናችንም ያውቃሉ። ክፍል ውስጥ አብረን የከረምን ደግሞ በሴሚስተርም እንዳላለቀ ትመሰክራላችሁ። ስለዚህ ብዙውን ለደብተራችሁ ትቼ የመጣሁበትን አንድ ነገር ልናገር። ድጋሚ። «ትንሽ ተበላሽቷል፣ አንዴ እንደገና እናንሳዎት» የሚባለው ድጋሚ።

መጀመሪያ ወላጆችን ላረጋጋ። ልጆቻችሁ ራጅ ክፍል ስለገቡ አይጎዱም። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረራውም አብሮ ይጠፋል፤ ግድግዳ ላይ አይቀርም፣ ወንበር ላይ አይቀመጥም። በዘመናዊ መሣሪያ በደንብ የተነሳ አንድ የጥርስ ራጅ መጠኑ በጨረራ መለኪያ 5 ማይክሮሲቨርት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሰው ከአፈሩ፣ ከድንጋዩ፣ ከሚበላውና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት፣ ማለትም 2,400 ማይክሮሲቨርት ያገኛል፤ ለዓመቱ ቀናት አካፍሉት፣ አንዷ ራጅ የአንድ ቀን ድርሻ እንኳ አትሞላም። ከሰማይ የሚመጣው ከፍታ ሲጨምር ስለሚጨምር እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ያለነው ከኮምቦልቻ ዘመዶቻችን ትንሽ ከፍ ያለ እንቀበላለን። ያን ፈርቶ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ግን አላየሁም።

«መምህር፣ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ታዲያ ለምን ይጨቀጭቁናል?» ትሉኝ ነበር። የጨረራ ጥበቃ መጠን ከመለካቱ በፊት ምክንያት ይጠይቃል። ይህ ራጅ ለዚህ ሰው ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ከሆነ ትንሿ መጠን ዋጋዋን ታወጣለች። የተበላሸ ፊልም ግን ማንንም አይጠቅምም። ታካሚው ጨረራውን ይወስዳል፣ ፊልሙ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፣ በካርዱ ላይ የሚጻፈው «አንድ ራጅ» ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ያየሁትን ላውጋችሁ። ከኩታበር የመጡ አንድ አባት፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ግራ ጉንጫቸው አብጦ፣ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። የታችኛው መጨረሻ መንጋጋ ነው። ፊልሙ ሲገባ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ይተፉታል። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ «አብሽሩ አባቴ፣ አብሽሩ» ይላል። ሌድ አፕሮኑን፣ ጨረራ የሚከላከለውን የእርሳስ ብረት ሽርጥ፣ አለበሳቸው፣ አንገታቸው ላይ አስተካከለ፣ አነሳ። የሥሩ ጫፍ የለም። ሁለተኛ አነሳ፤ ጥርሱ ተወጥሮ እንደ ዘንግ ረዘመ። ሦስተኛ አነሳ፤ ግማሹ ፊልም ነጭ ሆኖ በክብ መስመር ተቆረጠ። አራተኛው ላይ «አባታችን ስለሚንቀሳቀሱ ነው» ብሎ ልጃቸውን ጠራና ፊልሙን በጣቱ ደግፎ እንዲይዝላቸው አደረገ። ከዚያ እሱ ወጣ፤ በሩን ዘጋ፤ ቁልፉን ተጫነ። ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ከበር ውጭ፣ የሰው ልጅ ጣት በጨረሩ መሐል። አራተኛውም ፈዞ ወጣና «ይሁን፣ ይህ ይበቃል» ተባለ።

ሒሳብ ሲከፍሉ ሽማግሌው ጠየቁ፦ «የምከፍለው ለአንዱ ነው ለአራቱ?» ገንዘብ ያዧ «ለአንዱ ነው አባባ» አለቻቸው። «እንግዲያው ሦስቱን ጀባ አላችሁኛ!» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። የነበርን ሁሉ ሳቅን። ውጭ ስወጣ ግን ሳቁ ከእኔ ጋር አልወጣም።

እዚያ ቤት አፕሮኑ ነበር። ያለ አፕሮን አንድም ጊዜ አላነሱም። አፕሮን ደረታቸው ላይ እስካለ ድረስ አራት ጊዜ ቢነሱም ባለሙያው የተጠበቁ መስሎት ነበር! የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 አፕሮንና የአንገት መከለያ ለጥርስ ራጅ በዘልማድ ማልበስ ይቅር ብሏል፤ ጨረሩ በአራት ማዕዘን ኮን፣ ማለትም ጨረሩን በሚመራው የማሽኑ ቱቦ፣ ከተገደበና በትክክል ከተነሳ የሚጨምሩት ጥቅም የለም ነው ምክንያቱ። ነገ አውልቁት እያልኳችሁ አይደለም፤ በብዛት የምናየው ክብ ኮን ነው፣ የየክሊኒካችሁን መመሪያ አክብሩ። ነገር ግን እነዚህን አባት የጎዳቸው የአፕሮን ጉድለት አልነበረም። የመጀመሪያውን ፊልም ብርሃን ላይ አንስቶ «ለምን ተበላሸ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስለጠፋ ነው።

የተበላሸ ፊልም ይናገራል። ጥርሱ ከረዘመ የኮኑ የቁም ማዕዘን አንሷል፤ ካጠረ በዝቷል። ጎረቤት ጥርሶች ከተደራረቡ የአግድም ማዕዘኑ ተዛብቷል። ግማሹ ነጭ ከሆነ ኮኑ ፊልሙን ስቷል። የሥሩ ጫፍ ከጎደለ ፊልሙ በደንብ አልገባም። አምስቱንም ፈተና ላይ ጽፋችሁልኛል፣ አብዛኞቻችሁ ሞልታችሁ። ታካሚው ፊት ስትቆሙ ግን ሁሉም «ተንቀሳቅሰው ነው» ይሆናል።

አራተኛው ፊልም ለምን ፈዘዘ? ይህ የእኛው የደሴ ጉድ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፣ ሰዓቱ ጠዋት። በእጅ ለሚታጠብ ፊልም ዴቨሎፐሩ፣ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ 20 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ ውስጡ ያለው ሃይድሮኩዊኖን የሚባል ኬሚካል ሥራ አቆመ ማለት ይቻላል። የታኅሣሥ ጠዋት የደሴን ጨለማ ክፍል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እጅ ያደነዝዛል። ታዲያ ፊልሙ ሲፈዝ ምን ይደረጋል? ዴቨሎፐሩ ያለበት ሳህን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቴርሞሜትር ይታያል፣ ሰዓት ይያዛል። እኛ ጋ የሚደረገው ሌላ ነው፤ የጨረራው ሰዓት ከፍ ይደረጋል! ብርዱን ታካሚው በጨረራ እንዲከፍል ይደረጋል። ከዚያ ግንቦት ይመጣል፣ ይሞቃል፣ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ማሽኑ ላይ የተጨመረውን ሰዓት ግን የሚመልስ የለም። የአንድ ቴርሞሜትር ዋጋ ስንት ነው? ዛሬ ለዚህ አዳራሽ አበባ ካወጣነው ይበልጣል?

አታጨብጭቡ፣ ገና አልጨረስኩም።

በፊልም ፈንታ ዲጂታል ሴንሰር የገዙ ክሊኒኮች ከዚህ ድነናል ይላሉ። ከጨለማ ክፍሉ ድነዋል። ድጋሚው ግን ባሰባቸው። ፊልም ዋጋ ስለነበረው ሲበላሽ አለቃ ይቆጣ ነበር። አሁን ምስሉ በሰከንዶች ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ካላማረ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጫናል። የተሰረዘው ምስል ከኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ጨረራው ከታካሚው ድርሻ አይቀነስም።

በእንግሊዝ አገር መመሪያ ከመቶ የፊልም ራጅ ቢያንስ 90፣ ከመቶ ዲጂታል ቢያንስ 95 ለምርመራ የሚበቃ መሆን አለበት ይላል። ቁጥሩን እናንተ ውሰዱት፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እነሱ ይቆጥራሉ። እኛ ስንት እንደምናበላሽ የሚነግረኝ ሰው ካለ እዚሁ ይነሳ። የለም። ለመለማመጃ የመጣው ማኒኪን፣ የሰው አምሳያው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት «እንዳይሰበር» ይባላል፤ ተማሪው የሚለማመደው ከገጠር በመጣ ሰው አፍ ላይ ነው። ማኒኪኑ እንዳይሰበር ሰው ይሰበር? ክቡር ዲን፣ ከቅንነት ነው የምናገረው፤ ቁልፉ ተማሪዎቹ እጅ ይግባ።

የቀረውን ቶሎ ልበል፣ ሰዓቴ እያለቀ ነው። ስታነሱ ከታካሚው 2 ሜትር ራቁ፣ ከጨረሩ አቅጣጫ ከ90 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ጎን ቁሙ፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርስባችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር እናት ከታመመች ራጅ አይከለከልባትም፤ አስፈላጊነቱን አረጋግጣችሁ አስረዷት። ከፊልም ፓኬት የሚወጣውን ስስ የእርሳስ ብረት (ሌድ) ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ፣ ፊክሰር የሚባለው የፊልም ማጠቢያ ፈሳሽም ቦይ ውስጥ አይደፋም። ፊልም በጣት አይያዝም፤ በእናንተም በልጃቸውም ጣት። የኒው ኦርሊንሱ ጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ እ.ኤ.አ. በ1896 ራጅ ከጀመሩት አንዱ ነበር፤ ቱቦውን ለማስተካከል እጁን ጨረሩ ውስጥ ያስገባ ነበር። ጣቶቹ ሄዱ፣ እጁ ሄደ፣ ክንዱ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ሞተ። እሱ ጉዳቱን የሚነግረው አልነበረም። ለእናንተ ግን ተነግሯችኋል፤ የፊልም መያዣ ደግሞ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ይህ በእጄ የያዝኩት መዝገብ ነው፤ ትናንት ከፒያሳ ገዛሁት። ዓምዶቹን ራሴ አስምሬያለሁ፦ ቀን፣ የተነሳው ጥርስ፣ ያነሳው ሰው፣ የተበላሸበት ምክንያት፣ የዴቨሎፐሩ ሙቀት። የታካሚ ስም የለበትም። «ተንቀሳቅሰው ነው» የሚል ምክንያት ብቻውን ተቀባይነት የለውም። የሚሞላው ተማሪ ብቻ አይደለም፤ መምህሩም ሲያበላሽ ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ። በድጋሚው ብዛት ማንም ማርክ አይቀነስበትም፤ የደበቀ ግን ከክሊኒኩ ይወጣል። ወር በሞላ ቁጥር ተቆጥሮ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የሚሠራው ግን የኮሌጁ ማኅተምና ፊርማ ሲኖረው ነው። ክቡር ዲን፣ የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ወደ መድረኩ ቢመጡልኝ።