ግጥምን ለአላፊ አግዳሚው
(በጎንደር፣ በመናፈሻ ግጥም ለማሰማት ለተሰባሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወጣቶች፤

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ወደ መናፈሻው ወጥታችሁ ለአላፊ አግዳሚው ግጥም ልታሰሙ መነሣታችሁ በእጅጉ አስደስቶኛል። ድምፅ ማጉያ ልትከራዩ ማሰባችሁን ስሰማ ግን ነገሩ ስለ ከነከነኝ፣ ዛሬ የምናገረው በዋናነት ስለዚሁ ነው።

በአገራችን ግጥም ከሰሚው ተነጥሎ የኖረበት ጊዜ ጥቂት ነው። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ዘወር ብሎ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ ቢውልም፣ በሁለት ስንኝ የምታልቀውን፣ ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔውን ይዞ የሚመለሰው ወደ መምህሩ ነው፤ መምህሩም አድምጦ ያርመዋል። ከዚሁ ከጎንደር አጠገብ ካለው ከቡርቦክስ የሚነሣው አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ እንግዳ ፊት ሲቆም ግጥሙን ሁሉ ከራሱ አያወጣም፤ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልስለታል፣ ሌላውም ከጎን ይጨምርበታል። በዚያ ጨዋታ ገጣሚው ማን እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስቸግራል፤ ለእኔ ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

ድምፅ ማጉያ ይህን መቀባበል ያስቀራል። ከዚያም በላይ፣ ወደ መናፈሻ የሚመጣ ሰው ከፒያሳ ግርግርና ከባጃጅ ጥሩንባ ሊያርፍ፣ ባልንጀራውን ሊጠብቅ ወይም ልጁን ሊያጫውት የመጣ እንጂ ግጥም ልስማ ብሎ የመጣ ስላልሆነ፣ እንቢ የማለት መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ «አንድ ግጥም ላሰማዎት?» በሉ። ከፈቀዱላችሁ፣ ሰው ቆሞ ሊሰማው የሚችል፣ ከስምንት ስንኝ የማይበልጥ ግጥም አሰሙ። ሰምና ወርቅ ያለው ከሆነ ወርቁን ፈጥናችሁ አትፍቱ፤ ሰሚው እናንተ ያላሰባችሁት ፍቺ ላይ ቢደርስ ተከራከሩት እንጂ አትሳቁበት፤ ምናልባት ከእናንተው ፍቺ የሱ ይበልጥ ይሆናል። ፊደል ላልቆጠሩ እናቶች በቃላችሁ በሉላቸው፤ አያይዛችሁም በልቅሶ ቤት የሚባለውን ሙሾ፣ ወፍጮ ላይ የሚንጎራጎረውን እንጉርጉሮ ጠይቋቸው፤ ከፈቀዱላችሁም ጻፉት። ጥንዶችን ግን ተዉአቸው፤ በተለይ የፍቅር ግጥም ይዛችሁ አትጠጓቸው።

የሌላ ሰው ግጥም የምታነቡ ከሆነ የገጣሚውን ስም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የራሳችሁን ስትሉ ደግሞ ስማችሁን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ሰው ይሉኝታ ሳይዘው እንዲፈርድ።

በወረቀት የምታድሉትንም እስከ ግርጌው አትሙሉት። መንገደኛው መልሱን የሚጽፍበት የሁለት ስንኝ ቦታ ከታች ይቅርለት። እርሳሱን እኔ እችላለሁ።

አመሰግናለሁ።