ትራንስፈሩን ከመፍታታችሁ በፊት
(ደብረ ማርቆስ ላይ ለሹፌሮችና ለጋራዥ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን የመጣችሁ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትራንስፈር ነው። ከካምቢዮው (ማርሽ ከሚቀያየርበት ሳጥን) ኋላ ተያይዞ የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ሳጥን። አሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር እኛ ጋ ዛሬም እንጀራ ነው። ክረምት ገብቶ ዋልካው ጎማ ሲይዝ፣ ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው እሱ ነው። ስለዚህ ትራንስፈር ያለ ምክንያት ሲፈታ ሳይ ያመኛል። የአሮጌ መኪና ዕቃ እንደልብ አይገኝም። አንዴ የተፈታ ሳጥን ደግሞ እንደነበረ ተመልሶ መገጠሙ ያጠራጥራል።

ይህን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ላንድክሩዘር መጣልኝ። ሹፌሩ፣ «ማርሽ አስገብቼ ስነሳ ከሥር ጓ ይላል» አለኝ። ትራንስፈሩን አወረድኩና በታተንኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ውስጡ ምንም የለበትም። መልሼ ልገጥም ስል የኋላው ሻፍት፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ፣ እጄ ላይ ተንቀጫቀጨ። ክሮቸራው፣ የሻፍቱ መጋጠሚያ መስቀል፣ አልቋል። ቆቡን ስከፍተው እነዚያ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ደርቀው ቀይ የዝገት ዱቄት ሆነዋል። ጎማውን በድንጋይ ደግፌ፣ ሻፍቱን በእጄ ወዲያና ወዲህ ባዞረው ኖሮ በአምስት ደቂቃ አገኘው ነበር። ሰውዬው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከሥራው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሹፌሩን እጠይቃለሁ። መቼ ነው የሚጮኸው? ነዳጅ ስትሰጥ ነው ስትለቅ? በሃይ (በፈጣኑ) ነው በሎው (በዝግታና በጉልበት በሚሄደው)? መኪናው ቆሞም ይጮኻል? ሹፌር የመኪናውን ድምፅ ከማንኛችንም በላይ ያውቀዋል፤ እባካችሁ አታቋርጡት።

ቀጥሎ ዘይቱ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ሁልጊዜ የላይኛውን፣ የመሙያውን ቡሎን አስቀድማችሁ ፍቱ። የታችኛውን አፍስሳችሁ የላይኛው እምቢ ቢል፣ መኪናው ያለ ዘይት ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ጣታችሁን አስገቡ። ዘይቱ የቀዳዳው ከንፈር ላይ መድረስ አለበት። እንደ ማኪያቶ ነጣ ካለ ውኃ ገብቶበታል። የጋለ ሳጥን ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባንዴ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ቱቦ ወይም ባረጀ ፓራዮሊ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው የጎማ ቀለበት) በኩል ውኃ ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ ሲደፈን ደግሞ ግፊቱ ዘይቱን በፓራዮሊው በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ፓራዮሊ ቀይረው ቀይረው የሰለቻቸው ሰዎች አሉ፤ የተደፈነው መተንፈሻው ነበር።

የታችኛው ቡሎን ማግኔት ካለው ጫፉን በጨርቅ ጥረጉት። እንደ አመድ የላመ ግራጫ ነገር ቢሆን አትደንግጡ፤ የዕድሜ ነው። ጥፍር የሚያክል ስባሪ፣ የጥርስ ቁራጭ ካገኛችሁ ግን ያኔ ሳጥኑ ይፈታ፤ እኔም አልከራከርም።

አሁን የምነግራችሁን ብዙ ሰው ይስተዋል። በአንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘሮች በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ፓራዮሊ ሲያረጅ፣ የካምቢዮው ዘይት ወደ ትራንስፈሩ ያልፋል። መሬት ላይ ጠብታ አታዩም። ካምቢዮው እየደረቀ፣ ትራንስፈሩ እየሞላ ይሄዳል። የትራንስፈሩን ቡሎን ስትፈቱ ዘይት ቧ ብሎ ከወጣ፣ «ሰው አብዝቶ ሞልቶት ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ወዲያው የካምቢዮውን እዩ። የሚጮኸው በዘይት እጦት የተቃጠለው ካምቢዮ ሆኖ፣ የሚወረደው ግን ትራንስፈሩ ይሆናል።

ድምፁን ለመለየት ትራንስፈሩን ኒውትራል አድርጉ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ካምቢዮውን ማርሽ አስገብታችሁ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ልቀቁ። እዚያው ከጮኸ ካምቢዮው ወይም የትራንስፈሩ መግቢያ በኩል ነው። ቆሞ ጸጥ ብሎ ሲሄድ ብቻ ከጮኸ፣ መውጫውን፣ ሻፍቱንና ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን) ፈትሹ።

አባይ በረሃን በሎው ስትወርዱ ማርሹን የሚተፋ፣ ከማርሽ በራሱ የሚወጣ መኪናስ? ይህ ቀልድ አይደለም። ቁልቁለት ላይ መኪናውን የያዘው የሞተሩ ጉልበት ባንዴ ይጠፋል፤ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል። አዎ፣ ውስጥ ያለው፣ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ወይም የማርሹ ጥርስ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ግን አስቀድማችሁ የካምቢዮውን ጎሚኒ፣ ሳጥኑ የተቀመጠበትን ላስቲክ፣ እዩ። ጎሚኒው ካለቀ፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ሳጥኑ እንዳለ ይንቀሳቀስና ማንሻውን ይዞት ይሄዳል። የማንሻው ዘንግ ቡሽም ያልቃል፤ ማርሹ እስከ መጨረሻው አይገባም። ሁለቱም ከውጭ ይታያሉ። እስኪስተካከል ድረስ ግን መኪናው በረሃ አይውረድ። ባለቤቱ ቢቆጣም አይውረድ።

ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል (በአራቱም ጎማ) ነድታችሁ ማንሻው አልመለስ ቢል በእግር አትርገጡት። ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ መሐል ዲፈረንሻል የሌለው መኪና ይህን ማካካሻ የለውም፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይነክሳሉ። ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ይለቃል። አራቱ ጎማዎች እኩል ካልሆኑም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ዋን ቴን ላንድሮቨርና ተከታዩ ዲፌንደር ሁልጊዜ በአራቱም ስለሚነዱ መሐል ዲፈረንሻል አላቸው፤ እነሱም ግን መሐል ዲፈረንሻላቸው ሎክ ተደርጎ (ተቆልፎ) ደረቅ አስፋልት ላይ ከተነዱ ይነክሳሉ።

ላንድሮቨር የያዛችሁ፣ የእጅ ፍሬናችሁ አልይዝ ካለ ኬብሉን ብቻ አትወጥሩ። የእጅ ፍሬኑ ከበሮ ያለው ትራንስፈሩ መውጫ ላይ ነው። የኋላው ፓራዮሊ ካፈሰሰ የፍሬኑ ሸራ ዘይት ይጠጣና መያዝ ያቅተዋል።

የፎር ዊሉ መብራት አልበራ ካለም ሳጥኑ ሞተ አትበሉ። የፊት ሃቦቹን (የፊት ጎማዎቹን ከአክስላቸው ጋር የሚያገናኙትን መቆለፊያዎች) ቆልፉ፣ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደግፉ፣ ፎር ዊል አስገቡ፣ ካምቢዮውን ማርሽ ላይ ተዉት፣ ሞተሩን አጥፉ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱና የፊቱን ሻፍት በእጅ አዙሩ። ከያዘ ትራንስፈሩ ገብቷል፤ የተበላሸው የመብራቱ መስመር ነው።

ውጭ አንድ ላንድክሩዘር ሜዳው ላይ አቁመናል። ከጠዋት ጀምሮ ስላልተነሳ ዘይቱ ቀዝቅዟል። ቁልፍም ጨርቅም አለ። ኑ እንውጣ፤ የላይኛውን ቡሎን ማን ይፍታልን?